ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ጸጥ ባለ መንገድ ሳይክል ለመንዳት፣ የት፣ መቼ፣ እንዴት

ከአዲስ አበባ በየትኛውም በር ብትወጡ የመጀመሪያዎቹ ኪሎሜትሮች ጸጥ አይሉም፣ ይሄን ከአሁኑ እወቁት። ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ አቃቂ፣ ሁሉም ጋ ሲኖትራኩም አይሱዙውም ሚኒባሱም የሚያልፈው እናንተ በምታልፉበት አስፋልት ነው። ብዙ ሰው አንዴ ረፋድ ላይ ወጥቶ ጭስ ሲጠጣ ይውልና በተሳቢ ተገፍቶ ይመለሳል፣ ከዛ "አዲስ አበባ ዙሪያ ሳይክል አይነዳም" ብሎ ይተወዋል። በጣም ነው የሚቆጨኝ፣ ምክንያቱም ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ቢወጣ ወይ ከዛው መንገድ አንድ መታጠፊያ ገባ ቢል የጤፍ ማሳ መሀል ብቻውን ይነዳ ነበር። ስለዚ መንገድ ከመምረጣችሁ በፊት ሰዓት ምረጡ።

በኔ እምነት ከሁሉም የሚሻለው እሁድ ጠዋት ነው፣ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ባለው። የግንባታ መኪናው ይቀንሳል፣ ታክሲውም ገና አልተንቀሳቀሰም። ግን ጨለማ እያለ አትውጡ፣ አንደኛ ቅዳሜ ሲጠጣ አድሮ ወደቤቱ የሚነዳ ሰው መንገድ ላይ ያለው በዛ ሰዓት ነው፣ ሁለተኛ እንጦጦ በኩል ጅቡም ገና አልገባም። በጥር ደሞ እሁድ ከ4 ሰዓት በኋላ የሰርግ አጀብ መንገዱን ይሞላዋል፣ ቪዲዮ ቀራጩ በመስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ ሾፌሩ መንገዱን ትቶ እሱን ነው የሚያየው፣ ከዛ በፊት ቤታችሁ ግቡ። ክረምት ላይም መንዳት ይቻላል፣ በኛ አካባቢ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚወርድ ጠዋቱ ክፍት ይሆናል፣ ብቻ ከአስፋልት አትውረዱ፣ መረሬው፣ ጥቁሩ አፈር፣ ሲርስ ጎማና ፍሬን መሀል ገብቶ ይጠቀጠቅና ሳይክሉን ተሸክማችሁ ነው የምትመለሱት። ምርጡ ወቅት ከመስከረም አጋማሽ እስከ ህዳር ነው፣ አደይ አበባው፣ ከዛ የደረሰው ጤፍ፣ ከዛ አጨዳው። ከህዳር እስከ ጥር ጠዋት ላይ ውርጭ ስላለ ሱሉልታና ሰንዳፋ በኩል ጓንት ካላደረጋችሁ ጣታችሁ ፍሬን መያዝ ያቅተዋል።

ለጀማሪ የማስቀድመው ሰንዳፋን ነው። በኮተቤ ካራ ወይ በአያት በኩል ወጥታችሁ ለገጣፎን ከዛ ለገዳዲን ታልፋላችሁ፣ ሰንዳፋ ከመሀል ከተማ ወደ 38 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ወጣ ገባ እንጂ የሚገድል ዳገት የለውም፣ ለገጣፎን እንዳለፋችሁ ቤቱ እየሳሳ ይሄድና ሜዳው ይከፈታል። አትሌቶቻችን ልምምድ የሚሰሩበት አቅጣጫ ስለሆነ ሾፌሩ አስፋልት ዳር ሰው ማየት ለምዷል፣ ይሄ ለኛም ይጠቅመናል። እዚ መንገድ ላይ ማወቅ ያለባችሁ ትልቁ ነገር ንፋስ ነው። በበጋ ንፋሱ የሚመጣው ከምስራቅ ነው፣ እናንተ ደሞ የምትሄዱት ወደዛው ነው፣ ስለዚ መሄጃው ላይ ፊት ለፊት ይገጥማችኋል፣ ሜዳ ሆኖ ሳለ ዳገት የምትወጡ ነው የሚመስላችሁ፣ ፍጥነታችሁን አይታችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ማርሽ ቀንሳችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ፣ ጓደኛ ካለ ከኋላው ተከልላችሁ ሂዱ፣ ተራ በተራ ፊት መሆን ነው። ጸሀይዋ ከፍ ስትል ንፋሱ ይበረታል፣ ያኔ ግን እናንተ እየተመለሳችሁ ስለሆነ ከኋላ እየገፋ ከተማ ያደርሳችኋል። ሌላ አቅጣጫ እንዲህ አይነት ምቾት አይሰጥም፣ ለዛም ነው ጀማሪ እዚ ይጀምር የምለው። ከሰንዳፋ በፊትም በኋላም ከዋናው አስፋልት ወደ ገጠር ቀበሌ የሚገቡ ፒስታ መንገዶች አሉ፣ በበጋ ደረቅ ናቸው፣ መኪና እምብዛም አያልፍባቸውም፣ ጋሪና አህያ ነው የሚያጋጥማችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትገቡ 5 ኪሎሜትር ገብቶ በገቡበት መመለስ ይበቃል። የለገዳዲ ግድብ የከተማው የመጠጥ ውሃ ስለሆነ ወደሱ ለመጠጋት አትሞክሩ፣ ከሩቅ ማየቱ በቂ ነው። ሰንዳፋ ቁርስ በልቶ መመለስ ነው፣ ትኩስ ፍርፍርና ሻይ።

ሱሉልታ ሌላ ነገር ነው። ከአዲሱ ገበያ ጀምሮ የጎጃም መንገዱ እየተጠማዘዘ የእንጦጦን ጫፍ ይወጣል፣ አዲስ አበባ ራሷ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ናት፣ እዛ ላይ ደሞ ከዛም ታልፋላችሁ፣ አየሩ የሳሳ ነው። ከሀዋሳ ወይ ከድሬዳዋ የመጣ ጓደኛ ካላችሁ በመጣ ማግስት እዚ አታውጡት፣ ጥቂት ቀን ይረፍ። ዳገቱ ላይ ከጀማሪ የሚጠበቀው አንድ ነገር ነው፣ እያወሩ መውጣት በሚቻልበት ፍጥነት መውጣት፣ ማውራት ካቃታችሁ ቀንሱ። የሚያስፈራኝ ግን ቁልቁለቱ ነው፣ ስትመለሱ ተሳቢውም እናንተም አንድ ላይ ነው የምትወርዱት። ከተሳቢ ኋላ ተጠግታችሁ አትውረዱ፣ ቆማችሁ አሳልፉት፣ ፍሬኑንም ሳትለቁ አትያዙ፣ ያዝ ለቀቅ አድርጉ ቸርኬው እንዳይግል። ጫፉን ካለፋችሁ በኋላ የሱሉልታ ሜዳ ሰፊ ነው፣ በክረምት ውሃ ይተኛበታል፣ ሲደርቅ ከብትና ፈረስ ይሞላዋል። ዋናው አስፋልት ላይ የሲሚንቶ ተሳቢዎች ስላሉ እስከ ጫንጮ ልቀጥል የሚል ሰው እሁድን ብቻ ይምረጥ። ጾም ካልሆነ እርጎ ሳትጠጡ አትመለሱ፣ አካባቢው የወተት አገር ነው።

በምዕራብ በኩል በአስኮ ወጥታችሁ ቡራዩ እስክታልቅ ትግስት ይጠይቃል፣ ከዛ ገፈርሳ ግድቡ፣ ባህር ዛፉ፣ መናገሻ፣ ሆለታ። ባለ ማውንቴን ሳይክል ወይ ሰፊ ጎማ ያለው ሰው ወደ ሱባ መናገሻ ደን ይግባ፣ ከወጨጫ ተራራ ስር ያለ የድሮ የጽድ ደን ነው፣ መንገዱ ኮረኮንች ስለሆነ በቀጭን የኮርስ (የውድድር ሳይክል) ጎማ አይሞከርም።

አገራችን ባህር ባይኖራትም ውሃ ዳር መንዳት ያማረው ሰው ቢሾፍቱ ይሂድ። እዚ ላይ ምክሬ አጭር ነው፣ ከአዲስ አበባ እየነዳችሁ አትሂዱ። ፈጣን መንገዱ ለሳይክል አልተፈቀደም፣ በአቃቂና በዱከም ያለው አሮጌው መንገድ ደሞ የከባድ መኪና ነው፣ ጸጥታ ፈልጎ የወጣ ሰው እዛ ላይ ምን ይሰራል። ሳይክላችሁን ሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ላይ በደንብ አሳስሩት፣ ማርሽ ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን፣ ታሪፉንም ከመጫኑ በፊት ተነጋገሩ። ቢሾፍቱ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሞቅ ይላል፣ እግርም ይቀልላል። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ፣ አንዱን ሐይቅ ከሌላው በኮብልስቶንና በፒስታ እያገናኛችሁ ግማሽ ቀን ትዞራላችሁ። ከመስቀል ቀጥሎ ባለው እሁድ ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ ስለሚከበር የዛን ቀን በእግር እንጂ በሳይክል አይሆንም። ጉልበት ያለው ሰው በስተደቡብ ወደ ዝቋላ ይቀጥላል፣ በመጋቢት 5 እና በጥቅምት 5 የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ንግስ ስለሆነ መንገዱ በምእመን ይሞላል፣ እነዛን ቀናት ዝለሉ።

ረጅም ለለመደ ደሞ ከዓለምገና ወደ ቡታጅራ የሚታጠፈው መንገድ አለ፣ መልካ ቁንጥሬ አዋሽ ድልድይ ድረስ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ቦታው በ2024 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የአለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፣ ሙዚየሙን አይቶ መመለስ ሙሉ ቀን ይወስዳል።

የትም ብትሄዱ ግን ከሰንዳፋና ከሆለታ አልፎ ለመውጣት ስታስቡ የመንገዱን ሁኔታ በዛው ሳምንት ጠይቁ፣ ከዛ አቅጣጫ የመጣ ሾፌር ወይ እዛ ዘመድ ያለው ሰው ካርታው የማያሳያችሁን ይነግራችኋል። ብቻችሁን አትሂዱ፣ የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ለቤት ሰው ተናገሩ። ገጠሩ ኦሮሚያ ስለሆነ "አካም" ብሎ ሰላምታ፣ "ገለቶማ" ብሎ ምስጋና ብዙ በር ይከፍታል፣ ዝም ብሎ መነጽር አድርጎ ሽው ብሎ ማለፍ ነው ሰውን የሚያስቀይመው። ሽማግሌ ወይ ለቅሶ የሚሄድ ሰው ሲያጋጥማችሁ ፍጥነት ቀንሱ፣ ለቅሶ ከሆነ ወርዳችሁ ግፉ። ከብት መንገድ ሲያቋርጥ መሀል ለመሀል ለመግባት አትሞክሩ፣ ጥጃው ወደ እናቱ ሲሮጥ ከጎማችሁ ስር ይገባል፣ እረኛው እስኪያሻግር ቁሙ።

ውሻ ሲያባርራችሁ የአብዛኛው ሰው ደመነፍስ መሮጥ ነው፣ ሜዳ ላይ ግን አታመልጡትም፣ ወርዳችሁ ሳይክሉን በመሀላችሁ አድርጉት፣ ድንጋይ ለማንሳት እንደሚል ሰው ጎንበስ በሉ፣ ብዙ ጊዜ ይሄ ብቻ ይመልሰዋል፣ ባለቤቱም ጮሆ ይጠራዋል። የነከሰ እንደሆነ ግን ቁስሉን ቶሎ በሳሙናና በብዙ ውሃ ለረጅም ደቂቃ እጠቡት፣ የዛኑ ቀን ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የእብድ ውሻ ክትባት ጀምሩ፣ "ቤት ውሻ ነው" ቢባልም።

እቃን በተመለከተ፣ ሄልሜት ላይ ክርክር የለም። የጎማ ስፋት 28 ወይ 32 ሚሊሜትር ብታደርጉ ከአስፋልት ወደ ፒስታ ሲገባ ትረጋጋላችሁ፣ ካቴናውን ከአቧራማ መንገድ መልስ ጥረጉና ትንሽ ዘይት ብቻ ቀቡ፣ ዘይት ሲበዛ አቧራውን ይሰበስባል። ሁለት ሊትር ውሃ፣ ሙዝ፣ ቆሎ ያዙ፣ በሶ በጠርሙስ በጥብጦ መያዝ ደሞ ከሱቅ ከሚገዛው ኢነርጂ ድሪንክ ሁሉ ይሻላል። ሁለት ትርፍ ካላማደሪያ፣ ማስቲሽና መለጠፊያ፣ የእጅ ፓምፕ የግድ ነው፣ ጎሚስታ በየከተማው አለ ግን የሱ መንፊያ ለመኪና የተሰራ ስለሆነ ቀጭኑ ቫልቭ ላይ አይገጥምም፣ ማገናኛዋን ትንሿን ብረት ገዝታችሁ ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ፣ በተለይ ግራር በበዛበት በቢሾፍቱ በኩል እሾሁ አይምርም።