የዎርድና የኤክሴል ፋይሎች ጊትን እንዳያሳብጡ

ዶክኤክስ (ዎርድ)፣ ኤክስኤልኤስኤክስ (ኤክሴል)ና ኦዲቲ (ሊብሬኦፊስ) ፋይሎች ቅጥያቸው ይለያይ እንጂ ውስጣቸው ዚፕ፣ ማለትም ብዙ ፋይሎችን አምቆ የያዘ ጥቅል፣ ነው። ጣጣውም ከዚያ ይመጣል፦ ሰነዱ መጀመሪያ ላይ አንድ ቃል ስትቀይሩ፣ ከዚያ በኋላ ያለው የታመቀ ጽሑፍ ባይቱ ከሞላ ጎደል ሁሉ ይለወጣል። የፋይሎችን የለውጥ ታሪክ የሚይዘው ፕሮግራም፣ ጊት፣ ልዩነቱን ብቻ ነጥሎ ማስቀመጥ ያቅተዋል። ጽሑፍ ብቻ የያዘ 2 ሜጋባይት ሰነድ 50 ጊዜ ኮሚት ከተደረገ (በታሪኩ ከተመዘገበ)፣ ሪፖው (የጊት ማከማቻው) ወደ 100 ሜጋባይት ይጠጋል።

መፍትሔው ዚፑን ፈቶ በደረጃ 0፣ ማለትም ሳያምቁ፣ መልሶ ማሸግ ነው። ማመቁን ጊት ራሱ ይሠራዋል። በእጅ ከሆነ መረሳቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ክሊን ፊልተር፣ ማለትም ፋይሉ ወደ ጊት ሲገባ በራሱ የሚሮጥ ስክሪፕት፣ አድርጉት። ስክሪፕቱን በጊት ኮንፊግ (ቅንብር) መዝግቡ፣ በጊትአትሪቢዩትስ ፋይል ደግሞ ለእነዚህ ቅጥያዎች መድቡት። ሪፖው ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲቀዳ (ክሎን ሲደረግ) ኮንፊጉ አብሮ ስለማይሄድ እያንዳንዱ ባልደረባ በየኮምፒውተሩ መመዝገብ አለበት።

ስክሪፕቱ ላይ ብዙዎችን የሚያደናቅፈው ሰዓት ነው። ዚፕ ለእያንዳንዱ የውስጥ ፋይል ቀንና ሰዓት ይጽፋል፤ ስክሪፕቱ የአሁኑን ሰዓት ካስገባ ይዘቱ ያልተነካ ሰነድ «ተቀይሯል» ተብሎ ሊታይ ይችላል። ጥር 1 ቀን 1980 (እ.ኤ.አ.) ብላችሁ ቁረጡት፤ ዚፕ ከዚያ የቀደመ ቀን አያውቅም። የፋይሎቹንም ቅደም ተከተል አትንኩ፤ በኦዲቲ ውስጥ ማይምታይፕ የተባለው ፋይል የመጀመሪያውና ያልታመቀ መሆን አለበት።

ጄፔግና ፒኤንጂ ምስሎች ቀድሞውኑ የታመቁ ስለሆኑ ከዚህ ብዙም አያተርፉም። የቆየው ታሪክም በዚህ አይቀንስም፤ አሁን ያሉትን ፋይሎች ግን ጊት አድን ከሪኖርማላይዝ አማራጩ ጋር አስኬዳችሁ ኮሚት አድርጉ።