ቤት ለቤት የሚዞር ሻጭ በርዎን ሲያንኳኳ

በሩ ሲንኳኳ ከመክፈትዎ በፊት ማን እንደሆነ ይጠይቁ፤ የማያውቁትን ሰው በሩን ሳይከፍቱ ማነጋገር ነውር አይደለም። ከከፈቱም ደጃፍ ላይ ቆመው ያነጋግሩት እንጂ ወደ ውስጥ አያስገቡት፤ አንድ ጊዜ ሳሎን የተቀመጠን ሰው ማሰናበት በር ላይ ከቆመው ይልቅ እጅግ ይከብዳልና።

አስቀድሞ መታወቂያውን ያሳይዎት፤ የድርጅቱን ስልክ ቁጥር ግን ሻጩ ከሰጠዎት ወረቀት ላይ ከመውሰድ ይልቅ በራስዎ መንገድ ፈልገው፣ ደውለው ያረጋግጡ። «ቅናሹ ለዛሬ ብቻ ነው» ወይም «ጎረቤትዎም ወስደዋል» ሲልዎት፣ ለማሰብ ጊዜ እንዳያገኙ እያጣደፈዎት መሆኑን ይወቁ፤ በእኔ እምነት እስከ ነገ መቆየት የማይችል ግዢ ቢቀር ይሻላል።

እምቢታዎ አጭር ይሁን። «አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም» ካሉ በኋላ ምክንያት አይደርድሩ፤ «አሁን ገንዘብ የለኝም» ቢሉት በዱቤ ልስጥዎት ይላል፣ «ባለቤቴን ላማክር» ቢሉት ደግሞ ማታ ተመልሶ ይመጣል። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ወላጆች ካሉዎት ይህንኑ ደጋግመው እንዲያስረዷቸው አደራ እላለሁ።

ዕቃውን በእርግጥ ከፈለጉት፣ ጠቅላላ ዋጋው፣ የዋስትናው ጊዜና ውሉ የሚሰረዝበት ሁኔታ በጽሑፍ ሳይሰፍር አይፈርሙ፤ ቀብድም ያለ ደረሰኝ አይክፈሉ። ፈርመው ቢጸጸቱም የብዙ አገሮች ሕግ በአጭር ጊዜ ውስጥ ውሉን ለመሰረዝ ይፈቅዳል፤ ለምሳሌ በአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮች ጊዜው በመደበኛነት 14 ቀን ነው። ስረዛውን በጽሑፍ ይላኩ፤ ቅጂውንም ያስቀሩ።