ዛፉ ቆሟል፣ ግን አያድግም፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ይህ ጽሑፍ ከተተከለ ሁለት ሦስት ክረምት ላለፈው ዛፍ ነው። ጉድጓዱ በቂ መሆኑን፣ በበጋ ውኃ ማግኘቱን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። ችግኙ የመጣበትን ፕላስቲክ ሳታወልቁ የተከላችሁ ካላችሁ ማንበቡን ተዉትና ሂዱ አውልቁት።

አዲሱ ቅጠል ቢጫ፣ ጅማቱ ግን አረንጓዴ ሲሆን

ብረት አጥቷል። ብረቱ አፈሩ ውስጥ አለ፣ ሥሩ ግን አያገኘውም። የሲሚንቶና የኖራ ቅሪት አፈሩን ሲለውጠው ብረት አይሟሟም። ካዛንቺስም ሆነ ፒያሳ፣ አሮጌ ቤት ፈርሶ ዛፍ የተተከለበት ቦታ ላይ ይህን ጠርጥሩ። ፍርስራሹን ቆፍሮ አውጥቶ በደህና አፈር መተካት ነው። ማዳበሪያ አይፈታውም።

ቅጠሉ ጠቁሮ ወደ ሐምራዊ ሲያደላ

ፎስፈረስ ጎድሎት ነው። ቀይ አፈር ውስጥ ያለው ብረትና አሉሚኒየም ፎስፈረሱን አንቆ ይይዘዋል። ኮምፖስት ስጡት። የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድም ይህን ቀለም ያመጣል፣ ስለዚህ አትቸኩሉ። ግራቪሊያ ላይ ግን ዳፕ የሚባለውን ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ እንዳታደርጉ፤ ፎስፈረስ ሲበዛበት ይታመማል።

የታችኛው አሮጌ ቅጠል ቢጫ፣ ግንዱ ቀጭን፣ ቁመቱ ያው ያምናው ሲሆን

ከምጠራባቸው ግቢዎች አብዛኞቹ የሚያሳዩኝ ይህንን ነው። ናይትሮጅን ጎድሎታል። ዛፉ ሲቸገር ናይትሮጅኑን ከአሮጌው ቅጠል እየነጠቀ ለአዲሱ ይሰጣል፤ ቢጫው ከታች የሚጀምረው ለዚህ ነው። ሰው ግን «በሽታ ገባበት» ይልና ፀረ ተባይ ይረጫል። ብሩም ይሄዳል፣ ዛፉም እዚያው ነው።

ለመሆኑ ናይትሮጅኑ የት ሄደ? አንዱ መልስ ገልባጭ መኪናው ነው። ከሕንፃ መሠረት የተዛቀ አፈር «ለም አፈር» ተብሎ ይሸጥላችኋል። ናይትሮጅን በብዛት የሚገኘው ከላይኛው፣ ብስባሽ ካለበት ንጣፍ ላይ ነው። ከአራት ሜትር ጥልቀት የወጣ አፈር መልኩ ቢያምር ባዶ ነው። ሻጩ ይህን አያውቅም ብላችሁ አትዘኑለት፣ ያውቃል።

ሁለተኛው መልስ መጥረጊያው ነው። አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ግቢ አለ። የግቢው እመቤት በየጠዋቱ አንዲት ቅጠል ሳይቀር ያስጠርጋሉ፣ ጥግ ላይ አስከምረውም ያስቃጥላሉ። ዛፎቹ በሙሉ ገርጥተዋል። «እትዬ፣ ቅጠሉን እኮ ምግቡን ነው የሚያቃጥሉት» አልኳቸው። «ታዲያ አመዱን መልሼ ከሥሩ አደርግለት የለ!» አሉኝ። አመዱ ውስጥ ፖታሲየም አለ፣ ካልሲየም አለ፣ ፎስፈረስም አለ። ናይትሮጅኑ ግን ከጭሱ ጋር ሄዷል። ይህን አስረድቼ ለማሳመን ሁለት ስኒ ቡና ፈጅቷል። በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅጥቆ ለቆሻሻ መኪና መስጠትም ውጤቱ ያው ነው፣ ጭስ የለውም እንጂ።

ጫካም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ፓናማ ውስጥ ለከብት ግጦሽ ተመንጥሮ ቆይቶ የተተወ መሬት ላይ ደን ሲያገግም ተመራማሪዎች ናይትሮጅን ጨመሩለት። በመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የዛፎቹ እድገት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ፎስፈረስ ያን ያህል ለውጥ አላመጣም። 30 ዓመት በሞላው ደንና በነባሩ ደን ላይ ደግሞ ናይትሮጅኑም የጨመረው የለም፤ ቅጠሉ እየረገፈና እየበሰበሰ አፈሩ ውስጥ ተጠራቅሟልና። የተራበው ወጣቱ ነው። ስለዚህ አያትዎ የተከሉት ትልቁ ጥድ ሥር ዩሪያ የምትበትኑ፣ ተዉ።

መፍትሄው በቅጠሉ ይጀምራል። መንገዱን ጥረጉ፣ ከዛፉ ሥር ያለውን ተዉት። ግንዱን እንዳይነካ ብቻ አንድ ስንዝር ገለል አድርጉት። ከክረምት በፊት በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ወይም ፍግ ጨምሩበት። ጥሬ ፍግ አይሆንም። ከእንጨት ቤት በነጻ የምታመጡት ሰጋቱራም አይሆንም፤ እሱን የሚያበሰብሱት ተህዋስያን ራሳቸው ናይትሮጅን ስለሚፈልጉ ከዛፋችሁ አፍ ይነጥቁታል። ሰጋቱራ አልብሶ ይበልጥ ያስገረጣ ሰው ስንቱን አየሁ!

ቀጥሎ ጎረቤት ትከሉለት። ግራር፣ ብርብራ፣ ትሪ ሉሰርን፣ ሰስባንያ ሥራቸው ላይ ባሉ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጅንን ከአየር ይስባሉ። ትሪ ሉሰርኑን በየጊዜው ከርክማችሁ ቅርንጫፉን እዚያው አንጥፉት። እየሠራ መሆኑን ለማየት ሥሩን ገለጥ አድርጉ። ትንንሽ እብጠቶች ታገኛላችሁ፣ አንዱን ሰንጥቁት። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ይሠራል። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አይሠራም። ጃካራንዳ ቅጠሉ ግራር ስለሚመስል ይህን ሥራ የሚሠራ የሚመስላቸው አሉ። አይሠራም። አበባው ያምራል፣ በቃ።

ዩሪያስ? ከመቶው 46 እጁ ናይትሮጅን ነው፣ ስለዚህ በልክ። ለወጣት ዛፍ ሁለት ሦስት የሻይ ማንኪያ፣ አፈሩ እርጥብ ሲሆን፣ ከግንዱ ርቆ ቅርንጫፉ በሚያበቃበት ዙሪያ፣ አፈር አልብሶ። ላይ ላዩን ከበተናችሁት አሞኒያ ሆኖ ይተናል። በደረቅ አፈር አትጨምሩ። ግንዱ ሥር አትጨምሩ። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ዘበኛ በቅንነት አንድ ጣሳ ሙሉ ዘርግፎ ቅጠሉ ጠርዝ ጠርዙን ሲቃጠል ጠራኝ። «ጋሼ፣ ገበሬው ይበትነው የለ እንዴ?» አለኝ። ይበትናል፣ ግን ጣሳ ሙሉውን አንድ ጤፍ ላይ አይደፋም። እንዲህ ከሆነባችሁ ውኃ በብዛት አጠጡና እጠቡት፣ ለዚያ ክረምት ሌላ ምንም አትጨምሩ።

የቅጠሉ ጠርዝ ቢቃጠል፣ ማዳበሪያም ባይኖር

ፖታሲየም ጎድሎት ሊሆን ይችላል። ግን ከሥሩ የሳሙና እጣቢ የሚደፋ ሰው እንዳለ መጀመሪያ ጠይቁ።

በክረምት ብቻ ቢገረጣ

ጥቁር ዋልካ አፈር ላይ ውኃ ተኝቶበት ሥሩ አየር አጥቷል። ይህ ናይትሮጅን ማጣትን ቁርጥ ይመስላል፣ ውኃ የተኛበት አፈርም ናይትሮጅኑን ወደ አየር ይለቀዋል። ሐምሌ ሳይገባ ቦይ ቅደዱለት፤ አዲስ ከተከላችሁም ከመሬቱ ከፍ ያለ መደብ ላይ ይሁን።