ሲኒማን በሒሳዊ ንድፈ ሐሳብ ስንመረምር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ፣ ፊልም አይተን ቡና እየጠጣን የምንወያይ ጥቂት ሰዎች አለን። የሚከተሉት ስህተቶች በዚያ ውይይት ደጋግሜ የታዘብኳቸው ናቸው።

አንደኛው «ሒስ»ን ከነቀፋ ጋር ማምታታት ነው። ቃሉ ከደርግ ዘመን «ሒስና ግለ ሒስ» ጋር ተጣብቆ የቀረ በመሆኑ ይመስለኛል፣ ተናጋሪው ወዲያው የፊልሙን እንከን መልቀም ይጀምራል። ሒሳዊ ንድፈ ሐሳብን ያፈለቁት፣ እ.ኤ.አ. በ1923 ጀርመን ውስጥ በተመሠረተው የፍራንክፈርት የማኅበራዊ ምርምር ተቋም ዙሪያ የተሰባሰቡት አሳቢዎች ግን ሒስ ሲሉ፣ ሰው ሠራሹ ሥርዓት የተፈጥሮ ሕግ መስሎ የሚታየን ለምን እንደሆነ መመርመር ማለታቸው ነበር። ስለዚህ «ተዋናዩ ደካማ ነው» ከማለት በፊት፣ የባለጸጋው ሳሎን የሁላችን ምኞት ተደርጎ የተቀረጸበትን ምክንያት መጠየቅ ይቀድማል።

ሁለተኛውና እጅግ ሥር የሰደደው «ፊልሙ ምን ያስተምራል?» ብሎ መልእክቱን ብቻ መፈልቀቅ ነው። በሰምና ወርቅ ያደግን ሰዎች ነንና ወርቁን ያገኘን ሲመስለን ሰሙን እንጥላለን። የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (1976 እ.ኤ.አ.) ያየን ዕለት አንዱ ወዳጃችን «ጭሰኝነት ክፉ ነበር» ብሎ ስኒውን አነሳ። ይህን ለማወቅ ግን ሁለት ሰዓት ተኩል መቀመጥ ባላስፈለገ ነበር። ካሜራው የገበሬውን ሥራ ሳይቸኩል ሲከተል ተመልካቹ ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል፤ ያ መቁነጥነጥ የሚመጣው የገበሬው ድካም ርዝማኔ በተመልካቹ በገዛ ጊዜው ላይ ሲያርፍበት ነው። ሐሳቡ ያለው እዚያ፣ በቅርጹ ውስጥ ነው።

በአነስተኛ ገንዘብ የተሠራን የአፍሪካ ፊልም ሁሉ «ሦስተኛው ሲኒማ»፣ ማለትም ለነጻነት ትግል የቆመ ሲኒማ፣ ብሎ መጥራትም ስህተት ነው። የፊልም ተመራማሪው ተሾመ ገብርኤል እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመው መጽሐፍ የዚህ ሲኒማ መለያ የት መሠራቱ ሳይሆን የሚያራምደው ንቃት መሆኑን አስረድቷል።

የመጨረሻው በፍራንክፈርቱ ተቋም ዙሪያ ከነበሩት አሳቢዎች ሁለቱን፣ ዋልተር ቤንያሚንንና ቴዎዶር አዶርኖን፣ እንደ አንድ ሰው መጥቀስ ነው። ቤንያሚን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፣ በሜካኒካዊ ብዜት (እንደ ፎቶና ፊልም በማሽን በመባዛት) የኪነ ጥበብ ሥራ «አውራ» (ብቸኛ በመሆኑ የሚኖረው ግርማ) ሲደበዝዝ ለብዙኃኑ አዲስ የፖለቲካ ዕድል እንደሚከፈት ጽፏል። አዶርኖ በመጋቢት 1936 እ.ኤ.አ. በላከለት ደብዳቤ ግን የሲኒማ ተመልካች ሳቅ አብዮታዊ ሳይሆን ጭካኔ ያለበት ነው ሲል ተከራከረው። ማን ትክክል እንደነበር አልቆርጥም። ባለፈው ክረምት ግን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ድምፁን በዋጠብን ሰዓት፣ በምናየው ፊልም ውስጥ እመቤቲቱ የቤት ሠራተኛዋን በጥፊ ስትመታ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ከሳቁት አንዱ እኔ ነበርኩ።