የሚጮኸውን ሳይሆን ዝም ያለውን ፈልጉ

መኪና ተገልብጦ ወይ ተኩስ ተከፍቶ ብዙ ሰው በአንዴ ሲጎዳ ሁላችንም የምንሮጠው ወደሚጮኸው ነው። ድምፁ አንጀት ይበላል፣ እግር ራሱ ወደዚያ ይወስዳል። ግን የሚጮህ ሰው እየተነፈሰ ነው፣ ትንሽ ይቆይላችኋል። ዳር ላይ ዝም ያለው ላይቆይ ይችላል።

አንዴ ከሰርቦ ወደ ጅማ ስንመጣ የተገለበጠ ሚኒባስ አጋጠመን። ሰው ሁሉ እጁ የተሰበረ ልጅ ከቦ ያለቅሳል። ቦዩ አጠገብ ደግሞ አንድ ሰውዬ ጭጭ ብሎ ተቀምጧል። ሱሪው ጥቁር ስለሆነ ደሙ አይታይም፣ ከሥሩ ያለው አፈር ግን ርሷል። ያየችው መንገድ ዳር ቡና የምትሸጥ ሴት ነበረች። ነጠላዋን አጥፋ ጭኑን አሰረች፣ የቡና ዘነዘናዋን አስገብታ ጠመዘዘችው። ሰውዬው ተረፈ።

የአዋቂ ሰው ደም 5 ሊትር ገደማ ነው፣ የዘይት ጄሪካን አስቡት። የጭን ትልቁ ደም ቅዳ ከተቆረጠ ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይሞታል። ስለዚህ አምቡላንስ እስኪመጣ ቆሞ መጠበቅ አይሆንም። አንድ ሰው 907 ቀይ መስቀል ጋ ይደውል፣ ሌላው ሥራ ይጀምር።

መጀመሪያ ራሳችሁን ጠብቁ። ተኩሱ ካልቆመ አትግቡ፣ ሞተር አስጠፉ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ። ከዚያ ጮክ ብላችሁ «መራመድ የምትችሉ ወደዚህ ኑ!» በሉ፣ ጅማ ነንና በኦሮምኛም «አስ ኮታ!» በሉ። የመጡት ለጊዜው አረንጓዴ ናቸው፣ ማለትም መቆየት የሚችሉ ቀላል ቁስለኞች፣ አንድ ሰው አጠገባቸው ሆኖ ይከታተላቸው።

የቀሩትን እየዞራችሁ እዩ፣ አንዱ ጋ ከአንድ ደቂቃ በላይ ሳትቆዩ። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1983 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተሠራው ስታርት የሚባለው ዘዴ ነው። የሚታየው ትንፋሽ፣ የደም ዝውውርና መልስ ነው። በደቂቃ ከ30 በላይ የሚተነፍስ፣ የእጅ አንጓው ላይ ትርታ የሌለው ወይም «እጄን ጨብጥ» ሲባል የማይጨብጥ ቀይ ነው፣ ቶሎ መሄድ አለበት። መራመድ ባይችልም እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ ቢጫ ነው፣ ከቀዩ ቀጥሎ ይሄዳል። የማይተነፍስ ካገኛችሁ አገጩን ቀና አድርጋችሁ የአየር መንገዱን ክፈቱለት። ከተነፈሰ ቀይ ነው። ካልተነፈሰ፣ ሌሎች ብዙ ቁስለኞች እየጠበቁ ከሆነ፣ ትታችሁት ማለፍ አለባችሁ። ይሄ በጣም ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን እሱ ጋ ስትቆዩ ከጎኑ ያለው ደሙ ያልቃል።

እየዞራችሁ ልብስ ሥር እጃችሁን አስገብታችሁ ደም ፈልጉ። ጓንት ከሌለ ፌስታል እጃችሁ ላይ አጥልቁ። ደም ካለ ንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ በሁለት እጅ፣ ክንድ ዘርግታችሁ፣ በሙሉ ክብደታችሁ ጫኑ። ቆሟል ወይ ብላችሁ በየደቂቃው አታንሱት። ብሽሽት ወይም ብብት ከሆነ ጨርቁን ቁስሉ ውስጥ ጠቅጥቃችሁ ጫኑ። እባካችሁ የተፈጨ ቡና አትነስንሱበት! ቡና የምንወድ ሰዎች ነን፣ ግን ቁስል ላይ ደም አያቆምም፣ ቆሻሻ ያስገባል፣ ሐኪሙም እሱን ሲያጥብ ጊዜ ይባክናል።

እጅ ወይም እግር ሆኖ ተጭናችሁት እንቢ ካለ፣ ወይም ደሙ ገና ስታዩት የሚገነፍል ከሆነ፣ እሰሩት። ነጠላ ወይም ሻሽ ሦስት ጣት ስፋት እስኪኖረው እጠፉ። ሲባጎና ሽቦ ሥጋ ይቆርጣል፣ ቀበቶ ደግሞ በደንብ አይጠብቅም። ከቁስሉ በላይ አራት ጣት ያህል ርቃችሁ፣ ጉልበትና ክርን ላይ ሳይሆን፣ ሁለቴ ጠምጥማችሁ ቋጥሩ። ቋጠሮው ላይ ጠንካራ እንጨት አስቀምጡና ደግማችሁ ቋጥሩ (እስኪርቢቶ ይሰበራል)፣ ደሙ ቀጥ እስኪል ጠምዝዙ። ሰውዬው ከሕመሙ የተነሳ ይጮኻል፣ ይጩህ። እንጨቱን እንዳይፈታ እሰሩትና ከዚያ ማላላት የለም፣ የሚፈታው ሐኪም ነው።

ሆዱ ተቀዶ አንጀት ከወጣ ወደ ውስጥ አትመልሱ፣ በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት። ውኃ አታጠጡ። ጋቢ ደርቡለት፣ ደም የፈሰሰው ሰው ሲበርደው ደሙ መርጋት ያቅተዋል።

የመጀመሪያው መኪና ሲመጣ ደግሞ በእግሩ የሚሄደው ቀድሞ ይሳፈራል። በየቦታው የሚሆነው ይሄው ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሲደርስ ድንገተኛ ክፍሉ በቀላል ቁስለኛ ይሞላል፣ ቀዩ ገና አስፋልት ላይ ነው። የመኪናው በር ላይ ቆማችሁ ከልክሉ፣ ቀይ ይቅደም። ባጃጅ ውስጥ አጣጥፋችሁ ከመጫን፣ ከተገኘ፣ ጀርባው ክፍት የሆነ መኪና ይሻላል።

እጁ ወይም እግሩ የታሰረለትን ሰው ግንባር ላይ የታሰረበትን ሰዓት ጻፉ። ከ2 ሰዓት በላይ ከቆየ እግሩን ሊያሳጣው ስለሚችል ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይሄን ነው። ባዶውን «3:20» አትበሉ፣ የእኛ ይሁን የፈረንጅ አይታወቅም። «ጠዋት 3:20» ብላችሁ ጻፉ፣ ለምትረከባችሁ ነርስም በቃል ድገሙላት።