የተዳከመ ሰንበቴን መልሶ ማቆም

ሰንበቴን፣ ማለትም ምእመናን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስበው በተራ የሚደግሱበትን ማኅበር፣ ብዙውን ጊዜ የሚያፈርሰው የድግስ ፉክክር ነው። አንዱ ተረኛ በዳቦው ላይ ወጥ ይጨምራል፤ ቀጣዩ ላለማነስ ሥጋ ያክላል፤ አቅም ያነሰው ተራው ሲቃረብ ድምፁን አጥፍቶ ይቀራል። ስለዚህ ሙሴው (የሰንበቴው መሪ) እና አባላቱ ካህኑ ባሉበት ዝርዝሩን ይቁረጡ፦ ዳቦ፣ ንፍሮ፣ ጠላ። በቃ። ዳቦው ቅቤና ወተት ካልነካው ሦስቱም የጾም ናቸውና ዐቢይ ጾም ሲገባም የሚቀየር ነገር የለም። «ዶሮ ብጨምር ምን አለበት» ባይ ስለማይጠፋ ውሳኔው መዝገብ ላይ ይስፈር።

አባላቱ 48 ከሆኑ አራት አራቱን አቧድኑ፤ ለአንድ ቡድን በ12 ሳምንት አንዴ ይደርሳል። በየቡድኑ ቢያንስ አንድ አዲስ ገቢ ይኑር፤ ሊጥ አብሮ ያቦካ ሰው እንግድነቱ ቶሎ ይለቀዋል።

ለ60 ሰው 6.5 ኪሎ ዱቄት ወደ 9 ኪሎ ዳቦ ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ 150 ግራም ገደማ ማለት ነው። ድፎው ቅዳሜ ይጋገር፤ ትኩሱን ከቆረጡት ይፈረፈራል፣ ውስጡም ሊጥ ሊጥ ይላል። ለንፍሮው 2 ኪሎ ስንዴና 1 ኪሎ ሽምብራ በደረቁ ይበቃል፣ ሲበስል እጥፍ ይሆናልና። ሽምብራውን ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት፤ እኩል ስለማይበስሉ ለየብቻ ቀቅላችሁ በኋላ ቀላቅሉ። ትልቁ ስሕተት ንፍሮውን ማታ ቀቅሎ በትኩሱ ባልዲ ውስጥ አፍኖ ማሳደር ነው፤ ጠዋት ኮምጥጦ ይገኛል። ውኃውን አጥልሉና ሰፌድ ላይ አስጡት፤ ከተቻለም እሑድ ንጋት ላይ ይቀቀል። ጠላው 20 ሊትር ይበቃል፤ ካልደረሰ ሆድ ስለሚነፋ ጥንስሱ ቀደም ብሎ ይጣል። ያልቻለ ቅራሪ ያምጣ።

እሑድ ዋናው ነገር ሰዓት ነው። ቆራቢ 18 ሰዓት ጾሞ ነው የሚወጣው፤ ከቅዳሴ በኋላ ሩብ ሰዓት ከጠበቀ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ ከተረኞቹ ሁለቱ አስቀድመው ሰንበቴ ቤቱን ይጥረጉ፣ የእጅ ውኃ ያቅርቡ። ካህኑ ባርከው ዳቦው እንደተቆረሰ በመጀመሪያ ለነዳያን ይውጣ፤ ትራፊ መስጠት ነውር ነው። ነባሮቹ አንድ ጥግ ይዘው እንዳይቀመጡ አስተናጋጁ ቦታ ይምራ።

ሁለት እሑድ ተከታትሎ የቀረ አባል ካለ ሙሴው በዚያው ሳምንት ቤቱ ይሂድ፤ ከታመመ ከተባረከው ዳቦ ይድረሰው። ያልተከፈለ መዋጮ ግን በዚያ ቀን አይነሣ።