ኢንሱሊን ይዞ ከባሕር ዳር መብረር፦ ፍተሻ ላይና መንገድ ላይ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ስኳር ያለበት ሰው ከባሕር ዳር በአውሮፕላን ሊሄድ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያስጨንቀው ፍተሻው ነው። «መርፌውን ቢቀሙኝስ?» ይላል። ፍተሻው ግን ከሁሉም ቀላሉ ነው። ኢንሱሊንን የሚጎዳው ሙቀት፣ ቅዝቃዜና ለካርጎ የተሰጠ ሻንጣ ነው። ሆኖም ልብ የሚያስጨንቀው ፍተሻው ስለሆነ ከእሱ እንጀምር።

ፈታሹ መርፌ አይቶ አስቆማችሁ

ብዙ ጊዜ ችግሩ መርፌው ሳይሆን የመርፌው አያያዝ ነው። በጥቁር ፌስታል ተጠቅልሎ፣ ከካልሲ ሥር ተወትፎ ማሽኑ ላይ ሲታይ ማንም ፈታሽ ይጠይቃል፤ ሥራው ነው። አንዳንዱ ሕመሙ እንዳይታወቅበት ብሎ ይደብቀዋል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ስኳር የሚያሳፍር በሽታ አይደለም።

መፍትሄው ቀድሞ መናገር ነው። ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርሱ ቦርሳችሁን ማሽኑ ላይ ከማስቀመጣችሁ በፊት «ወንድሜ፣ ስኳር አለብኝ፤ እዚህ ውስጥ ኢንሱሊንና መርፌ አለ» በሉ። ቦሌ ላይ በረራ የምትቀይሩ ከሆነም ይህንኑ ድገሙት። ከዘጌ ወይም ከጎርጎራ የመጡ፣ በረራ ያልለመዱ እናት ከሆኑ ደግሞ ልጃቸው በወረቀት ጽፎ ይስጣቸው። «እናቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ሲባሉ ወረቀቱን ያሳያሉ፤ ግራ አይጋቡም።

ኢንሱሊኑን፣ መርፌውን፣ መለኪያውንና ስትሪፑን ውስጡ በሚታይ አንድ ላስቲክ ውስጥ አድርጉ። ብልቃጡ ከነካርቶኑ ይሁን። ከምትከታተሉበት የሕክምና ቦታ፣ ፈለገ ሕይወትም ይሁን ጥበበ ግዮን ወይም የሰፈር ጤና ጣቢያ፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ያዙ። ስማችሁ ልክ ትኬቱ ላይ እንዳለው ይጻፍ። የኢንሱሊኑ ዓይነትና መርፌ መያዝ እንዳለባችሁም ይጠቀስ። ወደ ውጭ ለሚሄድ ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ቢሆን ይሻላል።

«ፈሳሽ አይፈቀድም» ተባላችሁ

ብዙ አገሮች በእጅ ሻንጣ የሚያዝ ፈሳሽን በ100 ሚሊ ሊትር ይገድባሉ። አንድ የኢንሱሊን ብልቃጥ የሚይዘው ግን 10 ሚሊ ሊትር ነው። እንደ እስክሪብቶ ያለው መውጊያ፣ ፔኑ፣ ደግሞ 3 ብቻ። መድኃኒት በመሆኑም ከዚህ ገደብ ውጭ ነው። ችግር የሚፈጥረው የቀለጠው አይስ ፓክና የጁስ ጠርሙሱ ነው። አይስ ፓኩ ለመድኃኒት መሆኑን ንገሯቸው። ለስኳር መውረድ የምትይዙት ደግሞ ደረቅ ነገር ይሁን፤ ስኳር፣ ከረሜላ ወይም ግሉኮስ።

ማሽኑ ኢንሱሊኑን ያበላሸው ይሆን?

አያበላሸውም። ሻንጣ የሚያይ ኤክስሬይ አንዴ ሁለቴ ቢያልፍበት ኢንሱሊን አይጎዳም። ሥጋት ካላችሁ በእጅ እንዲያዩላችሁ ጠይቁ። ሰውነታቸው ላይ የኢንሱሊን ፓምፕ ወይም ስኳር የሚለካ ሴንሰር ያደረጉ ግን ይለያሉ። አንዳንዱ መሣሪያ በኤክስሬይና በሰውነት ስካነር እንዳያልፍ አምራቹ ይከለክላል። እነሱ መሣሪያውን አሳይተው በእጅ ይፈተሹ።

ከደረሳችሁ በኋላ ስኳራችሁ አልወርድ አለ

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። የተለመደውን መጠን ወግታችሁ ስኳሩ ከወትሮው ከፍ ካለ፣ ምግብና ድካም ሊሆን ይችላል፤ ኢንሱሊኑ መንገድ ላይ ተበላሽቶም ሊሆን ይችላል።

ብልቃጡን ወደ ብርሃን ያዙት። ሬጉላር የሚባለው ኢንሱሊን እንደ ውሃ ጥርት ያለ መሆን አለበት። ከደፈረሰ አይሆንም። ሌንቴ የምንለው ደመናማው ኢንሱሊን ደግሞ በመዳፍ መካከል ቀስ ብሎ ሲንከባለል ወጥ የሆነ ነጭ ይሆናል። ተንከባሎም ጓል ከተንሳፈፈበት፣ ወይም የብልቃጡ ግድግዳ ላይ ነጭ ቅንጣት እንደ ውርጭ ከተለጠፈ፣ እሱን ተዉትና አዲስ ክፈቱ። መልኩ ሳይቀየር ጉልበቱ የሚደክምበት ጊዜም ስላለ፣ ጥርጣሬ ካለ አዲሱን መጠቀም ይሻላል። ስኳሩ በጣም ከፍ ብሎ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ ወይም ፈጣን ትንፋሽ ከመጣ ቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ነው።

የት ተበላሸ? ከዘጌ በጀልባ የመጣ ሰው ቦርሳውን ፀሐይ ላይ አስቀምጦት ሊሆን ይችላል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የጣና ዳር ፀሐይ ቀላል አይደለችም። የቆመ መኪና ውስጥ መተው ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ወይም ሻንጣው ለካርጎ ተሰጥቷል፤ እዚያ በረዶ ሊሆን ይችላል፣ ሻንጣው ከጠፋ ደግሞ መድኃኒቱም አብሮ ጠፋ። ወይም «ይቀዝቅዝ» ተብሎ ከበረዶ ጋር ተጣብቆ ከርሟል። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም።

ስለዚህ ኢንሱሊን ሁልጊዜ በእጅ ቦርሳ ይያዝ፤ ከእግራችሁ ሥር ወይም ጭናችሁ ላይ። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። የተከፈተው ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ 4 ሳምንት ገደማ ይቆያል፤ የእናንተን ካርቶን ውስጥ ካለው ወረቀት አረጋግጡ። አይስ ፓክ ካላችሁ በፎጣ ጠቅልላችሁ፣ ብልቃጡን ሳይነካው አድርጉ። ከሌላችሁ ብልቃጡን በላስቲክ አሽጉና እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉበት፤ አየር እንዲያገኘው ብቻ አድርጉ። ውሃው ሲተን ያቀዘቅዘዋል፤ ገጠር ፍሪጅ የሌላቸው ሰዎች በሸክላ ማሰሮና በእርጥብ አሸዋ የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው። እባካችሁ፣ ለጉዞው ከሚበቃው እጥፍ ያዙ። አብሯችሁ የሚሄድ ሰው ካለም ግማሹን እሱ ቦርሳ ውስጥ አድርጉ።

ፔኑ አረፋ ያዘ ወይም አንጠባጠበ

መርፌው ፔኑ ላይ እንደተሰካ ስለበረረ ነው። የአየር ግፊቱ ሲቀያየር ይፈስሳል፣ አየርም ይገባል። ከመሳፈራችሁ በፊት መርፌውን ንቀሉ። ስትወጉ አዲስ ሰክታችሁ፣ 2 ዩኒት ወደ ላይ ረጭታችሁ ጠብታ መውጣቱን እዩ።

መጠበቂያው ውስጥ እጃችሁ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቃችሁ

ስኳር ወርዷል። ዋናው ምክንያት ምግብ ሳይቀርብ መውጋት ነው። ክረምት ላይ በዝናብና በደመና በረራ ይዘገያል። አዲስ አበባ ድረስ ያለው በረራም አንድ ሰዓት ገደማ ስለሆነ ምሳ ይቀርባል ብላችሁ አትጠብቁ። ከምግብ በፊት የሚወጋውን ምግቡ ፊታችሁ ሳይቀመጥ አትውጉ።

አሁን ግን ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ጠጡ። ከቻላችሁ ለኩ፤ ከ70 በታች ከሆነ መውረዱ ተረጋገጠ። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። አሁንም ዝቅ ካለ እንደገና ስኳር ውሰዱ፤ ከተስተካከለ ዳቦ ወይም ቆሎ ቅመሱ። ጾም ላይ ብትሆኑም «ሰዓቱ እስኪደርስ» አትበሉ፤ የወረደ ስኳር ሰዓት አይጠብቅም። ከጎናችሁ ለተቀመጠው ሰውም ንገሩት። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም፤ ሐኪም ይጠራል።

የመውጊያ ሰዓቱ ተዘበራረቀ

የጅዳና የሪያድ ሰዓት ከኛ ጋር እኩል ነው፤ ምንም የሚቀየር የለም። ዱባይ በ1 ሰዓት ትቀድማለች፤ እሱም አያስቸግርም። ዋሽንግተን ግን እንደ ወቅቱ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች ቀኑ ይረዝማል። ለዚያ ከጉዞው በፊት ሐኪማችሁ የእያንዳንዱን መርፌ ሰዓትና መጠን ይጻፍላችሁ። ሰዓቱ በሀበሻ ይሁን በፈረንጅ አጠገቡ ይጻፍ። «8 ሰዓት» የሚለውን ውጭ አገር ያለ ነርስ ጠዋት 2 ሰዓት አድርጎ ነው የሚያነበው።